የአባዬ ቀጠሮ

ግንቦት 24 ቀን 1973፣ ናዝሬት

ዛሬ የምርጫ ቅጹን ሞላን። አንደኛ ምርጫ፣ አለማያ እርሻ ኮሌጅ። ሁለተኛ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ። ሦስተኛውን ባዶ ልተወው ስል የክፍል ኃላፊያችን መምህር ብዙነህ ከኋላዬ መጥተው ቆሙና «ኮተቤ መምህራን ኮሌጅ ብለሽ ሙይ፤ ሁለቱ ቢቀሩብሽ እንኳ መግቢያ ይኖርሻል» አሉኝ። ሞላሁት። ከዚያ አንደኛውን አነበቡና «እርሻ? ለምን?» አሉ።

«ለቲማቲም» አልኳቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጫልቱ ራሷ፣ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተቀመጠችው የልብ ጓደኛዬ፣ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ሳቀች። እሷ የሞላችው ሕክምና ነው፤ የእሷን ለምን ያላት የለም።

እኔ ግን እውነቴን ነው። እማዬ ከቆቃ የሚመጣ ቲማቲም ገበያ ላይ ስትሸጥ ነው ያደግኩት። ሰኞ ደህና የነበረው ሣጥን ረቡዕ ውሃ ይሆናል። ለምን እንደሆነ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ቲማቲም ነዋ!» ይለኛል። ይሄ መልስ ነው? መልሱን የሚያውቅ ሰው አለማያ ውስጥ መኖር አለበት። ሄጄ አንቄ እጠይቀዋለሁ።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አለማያ ከሚያመለክተው ሁሉ የሚገባው ጥቂት ነው፤ ሴት ደግሞ በጣት የምትቆጠር ናት ይላሉ። እኛ ቤት ኮሌጅ የሚባል ነገር ደጁን ያየ ሰው የለም። አባዬ ጋሪ ይነዳል። እማዬ የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነው። እና ያቺ የመጨረሻዋ የኬሚስትሪ ጥያቄ! ፈተናው ካለቀ ሰነበተ፣ እኔ ግን አሁንም ቢን ነው ሲን ያጠቆርኩት እያልኩ ነው።

ግንቦት 26

ለእማዬ ነገርኳት።

«እርሻ?» አለች። «እኔና አባትሽ ከእርሻ ሸሽተን አይደል እንዴ ናዝሬት የገባነው? ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ወደ ሞፈር?»

«እማዬ፣ በሞፈር አይደለም። በሳይንስ ነው።»

«ሳይንሱ ዝናብ ያዘንባል?»

ማታ ለጎረቤታችን ለእትዬ አበዛሽ «የሺዬ ሕክምና መረጠች» ስትል በአጥር በኩል ሰማኋት። ወይ እማዬ! እትዬ አበዛሽ «ይቅናት» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከእኛ ሰፈር አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ የመጨረሻው ልጅ የሳቸው ነበር። ስልሳ ዘጠኝ ላይ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሰፈር ውስጥ ስለሱ አይወራም፣ እኔም ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰኔ 9

ቸኩያለሁ። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌ አዳራሽ ተመደብኩ፣ ከሰዓት ከሰዓት። ጫልቱ ሌላ ቀበሌ ደረሳት። የተሰጠኝ ጠመኔ ትንሿን ጣቴን አያክልም። ቢ ነው። ቢ ይመስለኛል።

ሰኔ 12

ተማሪዎቼ በሙሉ መንገድ ላይ ሊቆጡኝ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አለች፣ ዘበኛው አሉ። ከሁሉም ከሁሉም አባባ ወልደአማኑኤል አሉ። ድሮ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ይሸከሙ ነበር፤ አሁን ሰፈር ውስጥ የተጣላን ሁሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ፊት ወንበር ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። ዛሬ እጃቸውን አወጡና «የኔታ!» አሉኝ።

አዳራሹ ሳቀ። «አባባ፣ የኔታማ ቄሱ ናቸው» አልኳቸው።

«ፊደል ያስቆጠረኝ ሁሉ የኔታ ነው። ሱሪ ይልበስ፣ ቀሚስ ይልበስ።»

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የኔታ ነኝ። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ!

ሰኔ 14፣ እሑድ

እየጻፍኩ ነው። በንዴት።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሰዎች ነጭ ለብሰው ደጃችን ቆሙ። አንደኛው አቶ ኃይለየሱስ ናቸው፣ እህል ነጋዴው። አባዬ በጋሪው ከሚያመላልሰው እህል አብዛኛው የሳቸው ነው። ሁለተኛው የአባዬ የጋሪ ጓደኛ ጋሽ ነጋሳ። ሦስተኛው አባባ ወልደአማኑኤል! ተማሪዬ! ዓርብ ዕለት ፊደል ያስቆጠርኳቸው ሰው!

አባዬ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢላቸው አቶ ኃይለየሱስ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ጉዳያቸው እኔ ነኝ። አለማየሁ የሚባል የወንድማቸው ልጅ አለ፣ አርሲ ነገሌ የእህል መጋዘን ያለው። እማዬ ዘንድ ገበያ ላይ አይቶኝ ወደደኝ። «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉ።

እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ጥያለሁ። አባዬ አሁን «ልጄ ትማራለች» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም።

«ሽማግሌ አክብሮኝ ደጄ ድረስ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል» አለ። ደስ ብሎኛል! «ይሁንና ለብቻዬ የምቆርጠው ነገር አይደለም። አቦምሳ ወንድም አለኝ። እሱን ሳላማክር ቃል ብሰጥ ይቀየመኛል። ለሐምሌ አሥራ ሁለት ይሁንልን።»

ተመራርቀው ሄዱ። አባዬ ወደ ጓዳ አንዴ አየና ፈረሱን ሊያጠጣ ወጣ።

አሁን ሁሉም ሰው ተኝቷል፣ እኔ በኩራዝ እጽፋለሁ። ነገሩን በቅጡ ላስበው። ውጤት ከመጣልኝ፣ አለማያም ከተቀበለኝ፣ እሄዳለሁ፤ ማንም አይዘኝም። ካልመጣልኝ ግን ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? ተማሪ አይደለሁ፣ ሠራተኛ አይደለሁ። ሰውየው መጋዘን አለው። አባዬ ይህን ሁሉ ያውቃል። አውቆ ነው «ደስ ብሎኛል» ያለው።

ደግሞ አቦምሳ ወንድም አለው እንዴ?

ሰኔ 15

አባባ ወልደአማኑኤል ዛሬ ኋላ ወንበር ሄደው ተወሸቁ። ወደፊት ይምጡ አልኳቸው። መጡ። «የኔታ፣ የትናንቱን ነገር…» ሲሉ «ከ"ለ" እስከ "ሎ" ያንብቡ» አልኳቸው። ላብ በላብ ሆነው አነበቡ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በኋላ ግን አሳዘኑኝ። ሽማግሌ ሂድ ሲባል ይሄዳል፣ ምን ያድርጉ።

ሰኔ 22

እማዬን ጠየቅኳት። «አባዬ አቦምሳ ወንድም አለው?»

ሽንኩርት እየለቀመች «አባትሽ አለ ካለ አለ» አለች።

«ስሙ ማን ነው?»

«እሱን አባትሽን ጠይቂ።»

አባዬን አልጠይቅም። ከዚያ እሑድ ወዲህ አላነጋገርኩትም። እራቱን አቀርባለሁ፣ ዞር እላለሁ። እሱ በልቶ «እጅሽ ይባረክ» ይላል፣ እኔ አሜን አልልም። አንድ ቀን እንኳ ከረሜላ ያልላከልኝ አጎት ዛሬ ከተደበቀበት ወጥቶ ሊድረኝ! ምን ዓይነት ሰው ነው? መልኩንስ ማንን ይመስል ይሆን?

ሐምሌ 2

ቦኖ ላይ ውሃ ስንጠብቅ ከኋላዬ አንዷ «ባለጋሪው ሰብስቤ ልጁን ሊድር ነው» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «እሷማ ሐኪም ልትሆን ነው አሉ» አለቻት። ሦስተኛዋ ጠጋ አለችኝና ጉልበቷን አሳየችኝ። ሙቅ ውሃ ያዢበት አልኳት። ምን ልበላት?

ከሰዓት እማዬ ዘንድ ሳለሁ አለማየሁ ራሱ መጣ። እንደፈራሁት ወፍራም አይደለም። አንድ የወርቅ ጥርስ አለው። እንደምን ዋላችሁ ብሎ፣ እማዬን አክብሮ፣ አንድ ሣጥን ቲማቲም ገዛ። የለሰለሰውን ለይቼ ላወጣለት ስል «ተይው፣ ይሁን» አለ። የበሰበሰ ሣጥን ሙሉ ተሸክሞ ወደ አርሲ ነገሌ ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ለመጥላት ይመቻል።

ሐምሌ 12፣ እሑድ

ጉድ ሠራሁ። እንደምንም ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከጧት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡና እንደ ወጉ ሳይቀመጡ ታዛው ሥር ቆሙ። አባባ ወልደአማኑኤል ከሐሙስ ጀምሮ ጉንፋን ይዟቸው ክፍል ቀርተው ነበር። ጋቢያቸው ርሷል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሳሉ አያናግራቸውም። አንጀቴን በሉኝ። ሻይ ቀዳሁ፤ እማዬ የጋገረችውን ዳቦ ቆረስኩና ወጥቼ «አባባ፣ ይውሰዱ፣ ሆድዎን ያሙቁት» ብዬ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ተቀብለው ጎረሱ።

እማዬ በሩ ላይ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ነጋሳ ሰማይ ሰማይ አዩ። አቶ ኃይለየሱስ ብቻ ፊታቸው እንደ ጨረቃ በራ።

«እልል በሉ እንጂ! ልጅቱ በገዛ እጇ አስተናገደችን!»

አባዬ ዝናቡን ተመለከተና «የአቦምሳ መንገድ በጎርፍ ተዘግቷል፤ ወንድሜ ሊደርስልኝ አልቻለም። ነሐሴ አሥር ይሁንልን» አለ።

ከሄዱ በኋላ እማዬ አስረዳችኝ። ለልጅ የመጣ ሽማግሌ ቃል ሳይሰጠው እህል ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ያውም ከልጅቱ እጅ! የኬሚስትሪ ቀመር ሁሉ ሸምድጄ ይህን ሳላውቅ! ማን አስተምሮኝ? አባባ ወልደአማኑኤልማ ወጉን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ግን ትኩሳት ላይ ነበሩ፣ የኔታ ስትሰጥ ደግሞ ተማሪ ይቀበላል። እንዲህ እያልኩ ለሳቸውም ለራሴም ጠበቃ ቆሜያለሁ።

አባዬ አልተቆጣኝም። እንዲያውም ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጎኝ አለፈ። ከዚያ ይልቅ ቢጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐምሌ 14

ሰፈሩ በሙሉ «እንኳን ደስ ያለሽ»። ጫልቱ እየሮጠች መጣች።

«አንቺ ጅል! ዳቦ አበላሻቸው?»

«አሞአቸው ነበር!»

«ታዲያ ክኒን አትሰጪም ነበር? አባቴ ሰምቶ በሳቅ ሊሞት ነው። ቤት ውስጥ ስላንቺ እየጸለይን ነው፣ ድምፃችንን ቀንሰን።» እነሱ ጴንጤ ናቸው፤ በዚህ ዘመን ጮክ ብለው አይጸልዩም። ተቃቅፈን ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ። ከዚያ እንደገና ሳቅን።

ሐምሌ 18

ከአርሲ ነገሌ አንድ ጆንያ ስንዴ መጣ፣ የሠርግ ማሰቢያ ተብሎ። አባዬ ደጅ ላይ ተቀበለውና ቤት ሳያስገባ ጋሪው ላይ ጭኖ ጋሽ ነጋሳ ቤት በአደራ አስቀመጠው። «ምነው?» ሲባል «የኛ ቤት አይጥ አለው» አለ። የኛ ቤት አይጥ የለውም።

ሐምሌ 27

ደስ የሚል ቀን። አባባ ወልደአማኑኤል ድነዋል። ከክፍል ስንወጣ ድንገት አዳራሹ በር ላይ ቆሙና ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው «መ… ግ… ቢ… ያ» አሉ። ዞር ብለው አዩኝ። «መግቢያ ነው እንዴ የሚለው? ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ ስገባ?» ተመልሰው ገቡ፤ እንደገና አንብበው ወጡ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ እልል አለች። እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ። ማስተማር እንዲህ ከሆነ ኮተቤም ክፉ አይደለም። ግን አለማያ። አለማያ፣ አምላኬ።

ሲ ከሆነስ?

ነሐሴ 10፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ። አባዬ ደጅ ወጥቶ ተቀበላቸውና አንገቱን ደፋ። «አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። ለካ ፍልሰታ ውስጥ ቀጥሬያችኋለሁ! በጾመ ፍልሰታ የጋብቻ ነገር ብናነሳ እመቤታችን ምን ትለናለች?»

አቶ ኃይለየሱስ ራሳቸው ቀጠሮውን የተቀበሉ ናቸውና ምን ይበሉ! አፈሩ። ነሐሴ ሃያ አራት ተባባሉ።

የሚገርመኝ ይሄ ነው። አባዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ፍልሰታን ገድፎ የማያውቅ ሰው ነው። እንዴት ዘነጋው? እያረጀ ነው መሰለኝ። ደግሞ ጋሽ ነጋሳ ሲወጡ አባዬን ትከሻውን መታ አድርገው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉትና ሁለቱም ሳቁ። በኔ ጉዳይ ይሳሳቃሉ!

ነሐሴ 24፣ እሑድ

ውጤት አልመጣም። ሽማግሌዎቹ መጡ።

አባዬ «ዘመን ሊለወጥ ነው፤ በአሮጌ ዓመት አዲስ ቃል ማሰር አልወድም» አለ። አቶ ኃይለየሱስ በዚህ ጊዜ ትዕግሥታቸው አልቋል። «ሰብስቤ፣ ቤትህ ዳቦ ቀምሰናል። ስንዴያችን ከገባ ከርሟል። መስከረም አሥር እንመጣለን። ያን ቀን ቁርጥ ያለ ነገር ካልነገርከን እሺ እንዳልክ ቆጥረን ለጥቅምት ሠርግ እንደግሳለን» አሉ። አባዬ «መልካም» አለ። መልካም!

ማታ ላናግረው ተነሳሁና ተመልሼ ተኛሁ። ብናገረው እንደማለቅስ አውቃለሁ።

ነሐሴ 28

መጣ መጣ መጣ! ሦስት ነጥብ ስድስት! ኬሚስትሪ ኤ! ቢም ሆነ ሲ ገደል ይግባ!

ጫልቱ ከኔ በልጣለች፣ ብትበልጠኝ ይገባታል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተያይዘን ጭቃ ላይ ወደቅን።

(ማታ) ያልጻፍኩት ነገር አለ። መምህር ብዙነህ ጨበጡኝና «አባትሽን ገላግይልኝ እባክሽ» አሉኝ። ምን አደረገ ብላቸው «ክረምቱን ሙሉ ሰኞ ሰኞ ጋሪውን በሩ ላይ አቁሞ "ውጤቱ መች ይደርሳል?" ይለኛል። መጀመሪያ ሐምሌ መግቢያ አልኩት። ቀጥሎ ነሐሴ መጀመሪያ አልኩት። ሲዘገይ እኔኑ ተቆጣኝ። "እርስዎ ቀን ሲያዛቡብኝ እኔ ሰው ፊት ምን እላለሁ?" ይለኛል» አሉ።

እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ ነሐሴ አሥር፣ ነሐሴ ሃያ አራት እያልኩ የአባዬን ቀጠሮዎች በጣቴ ቆጠርኩ።

አባዬ ሲመጣ ውሃ አሙቄ እግሩን አጠብኩት። «ምነው ዛሬ?» አለ። ምንም አልኩ። «ወጡ ዛሬ ጣፍጧል» አለ። ወጡ ግን የትናንቱ ነበር።

ጷጉሜ 3

ማለፍ ሌላ፣ መመደብ ሌላ። ምደባው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ሦስተኛ ምርጫዬ ላይ ቢጥሉኝስ? ወይ ጨርሶ ቢዘሉኝስ? መስከረም አሥር ደግሞ እየቀረበ ነው። አባዬ አሁን የሚያመካኝበት ነገር ቀርቶት ይሆን? አብሬው ማሰብ ጀምሬያለሁ። «አጎቴ ቢታመምስ?» አልኩት ዛሬ። ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ፈረሱ አዞረ። «አጎትሽማ ጤነኛ ሰው ነው፤ ክፉ አንናገርበት» አለ።

መስከረም 8

አለማያ!!!

የሺዓለም ሰብስቤ፣ አለማያ እርሻ ኮሌጅ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው፤ ጣቴን አስቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። ጫልቱ ሕክምና፣ አዲስ አበባ። ጮቤ ረገጥን! ጫማዬ አንዱ የት እንደወደቀ አላውቅም።

እየሮጥን አውቶቡስ ተራ ሄድን። አባዬ ተሳፋሪ ጭኖ ሊነሳ ሲል ደረስን። «አባዬ፣ አለማያ!» አልኩት። ልጓሙን ሳበ። ከዚያ ተሳፋሪዎቹን «ይቅርታችሁን፣ ዛሬ ጋሪው ተይዟል» ብሎ አወረዳቸው። አንድ ሴትዮ ከነዶሮዋ ተሳደበች። እኔንና ጫልቱን አሳፈረና በዋናው መንገድ፣ በፖስታ ቤት፣ በገበያው መሐል ቁልቁል ነዳው። ለሚያገኘው ሰው ሁሉ «ኮሌጅ ናቸው! ኮሌጅ ናቸው!» ይላል፤ እኛ ራሳችን ኮሌጁ የሆንን ይመስል። ገበያ ስንደርስ እማዬ ከቲማቲሟ ዘላ ተነሳች። «ሕክምናው ነው?» አለችኝ። «እርሻው ነው እማዬ።» «ይሁን፣ እርሻም ይሁን! እልልልል!» አለችና ሣጥኑን ገለበጠችው፣ ቲማቲሙ መንገድ ላይ ተንከባለለ።

ሰፈር ስንደርስ ከሁሉ ቀድመው የወጡት እትዬ አበዛሽ ናቸው። እልልታቸውን አቀለጡት። ከስልሳ ዘጠኝ ወዲህ እትዬ አበዛሽ እልል ሲሉ የሰማ ሰው የለም። አቅፈውኝ ብዙ ቆዩ። «ሂጂ ልጄ፣ ሂጂና ተመለሺ» አሉኝ። እማዬ አብራቸው አለቀሰች፤ እኔም። ዛሬ ስለሱ ማውራት የተከለከለ አልነበረም።

መስከረም 10፣ እሑድ

ሁሉንም መጻፍ አለብኝ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ።

ሦስቱም መጡ። አቶ ኃይለየሱስ ገና ሳይቆሙ ጀመሩ። «ሰብስቤ፣ ልጅህ ኮሌጅ እንደገባች ሰምተናል፣ ደስ ብሎናል። ቃል ግን ቃል ነው። ዳቦ በልተናል።»

አባዬ አፉን ሊከፍት ሲል አባባ ወልደአማኑኤል ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ዳቦውን የበላሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሌላ ሰው አልበላም። እኔም ብሆን የበላሁት የተማሪ ዳቦ ነው። ይህች ልጅ መምህሬ ናት። ሳሌን ሰምታ አዝናልኝ ሰጠችኝ፣ እኔም የኔታ ናት ብዬ ተቀበልኳት። የሙሽራ ዳቦ አልቀመስኩም። እዚህ ቆሜ ቀምሻለሁ ብል እግዜር ይታዘበኛል።»

አቶ ኃይለየሱስ «እንዴ፣ ወልደአማኑኤል! አንተ እኮ በኛ ወገን ነህ!» አሉ።

«እሑድ እሑድ በእናንተ ወገን ነኝ» አሉ አባባ። «ከሰኞ እስከ ዓርብ በሷ ወገን ነኝ።»

ጋሽ ነጋሳ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ እማዬ ጓዳ ሆና። አቶ ኃይለየሱስ ሊቆጡ ሞከሩ፣ ግን ከንፈራቸው እንቢ አላቸው። በዚህ መሐል አባዬ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አባቶቼ፣ ደጄን አክብራችሁ ስትመላለሱ ከርማችኋልና ባዶ አልመልሳችሁም» አለ። «ልጄ አለማያ አራት ዓመት ትማራለች። ስትጨርስ ጉዳዩን ለራሷ ታቀርቡላታላችሁ፤ መልሱንም እሷው ትሰጣችኋለች። ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ይሁንልን።»

አቶ ኃይለየሱስ አፈጠጡበት። ከዚያ የሳቁት ሳቅ ጎረቤት አስወጣ። «አንተ ሰው፣ ቀጠሮ እንዳንተ የሚያውቅ ዳኛ እንኳ አላየሁም!» አሉት። ጆንያው ከጋሽ ነጋሳ ቤት መጣ፣ ስፌቱ እንዳለ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጡ፤ ዳቦም ሻይም ቀረበ፣ በዚህ ጊዜ ማንም ምንም አላለም። ሲወጡ ጋሽ ነጋሳ «ሰብስቤ፣ ለአቦምሳው ወንድምህ ሰላም በልልኝ። ደህና ሰው ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ለፋ» አሉት። አባዬ «አደርሳለሁ» አለ።

ማታ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን «አባዬ፣ ግን ወድቄ ቢሆንስ?» አልኩት።

«ቀጠሮ መቼ ያልቃል?» አለኝ።

መስከረም 27፣ ባቡር ላይ

ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ይዘላል፣ ጽሑፌ ጠማማ ነው።

ጣቢያው ድረስ ሰፈሩ ግማሹ ሸኘኝ። ጫልቱ ትናንት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዳለች። እማዬ ዳቦ ቆሎ አሲዛኝ «ሰው አትመኚ፣ ብርድ ልብሱን አታውሺ» ስትል ነበር። ድሬዳዋ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በመኪና። አባባ ወልደአማኑኤል ሻንጣዬን እንደ ድሯቸው ትከሻቸው ላይ አድርገው ፉርጎው ድረስ አደረሱልኝ። ማንም እንዲያግዛቸው እንቢ አሉ።

አባዬ «ወንበሩን ልይልሽ» ብሎ አብሮኝ ገባ። ሻንጣዬን ከላይ ሰቀለ። መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ። አጠገቤ ተቀመጠና «ይመቻል» አለ። ጣቢያውን በመስኮት እያየ ተቀምጦ ቀረ። ፊሽካው ተነፋ። «አባዬ፣ ውረድ!» አልኩት። «ይደርሳል» አለ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። «አባዬ!» ብዬ ተነሳሁ። «ውይ!» አለ፣ ግን አልተነሳም። እማዬ ከታች እየሮጠች እጇን ታውለበልባለች፤ የምትደነግጥ አትመስልም።

ቲኬት ጠያቂው መጣ። አባቴ ነው፣ ሊሸኘኝ ገብቶ ነው፣ ዘንግቶ ነው እያልኩ ለፈለፍኩ። አባዬ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንዲት ቲኬት አወጣና ሰጠው። ሰውየው አያትና «ወለንጪቲ» አለ፣ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ፤ ቀዶ መለሰለት።

ሜዳው በመስኮቱ ይሸሻል፣ አባዬ ልጅ ይመስል አንገቱን አውጥቶ ያያል።

«ስንቱን ሰው ለባቡር ሳደርስ ኖርኩ» አለኝ ቆይቶ። «ውስጡ እንዲህ ነው ለካ።»

እጁን ያዝኩት። ወለንጪቲ እስክንደርስ አልለቀቅኩትም። ሲወርድ «በርቺ» ብቻ አለኝና ኮፍያውን አስተካክሎ መሬት ላይ ቆመ። ወደ ናዝሬት የሚመልሰው መኪና ይኑር አይኑር አልጠየቅኩትም። አስቦበታል።